ሸራ የሚያሸት ሾፌር

በሽር ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጦ የመኪና ዕቃ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የፍሬን ሸራ የሚያሸት ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ይህ የጭነት መኪና ሾፌር ግን የኮቱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ በሽር ያቀረበለትን ለስላሳና ጠንካራ ሸራ ተራ በተራ እያነሳ እንደ ቅቤ ገዢ አሸተታቸው።

«ለስላሳውን ይውሰዱ» አለው በሽር። «ገና ሲነኩት ይይዛል። የገበያ አህያ ድንገት ቢገባብዎት ይጠቅምዎታል።»

«ለአህያማ ክላክስ አለኝ» አለ ሰውዬው እየሳቀ። «ቁልቁለት ግን ክላክስ አይሰማም። ሲግል የማይከዳኝን፣ ጠንካራውን ስጠኝ።»

የፍሬን ዘይት ሲመርጥም ክዳኑ የተከፈተውን ጣሳ በአንድ ጣቱ ገፋው። «ይሄ እርጥበት ጠጥቷል፤ መንገድ ላይ ይፈላብኛል። ያልተከፈተ የለህም?»

ዕቃውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል፣ ከማተቡ ጋር የታሰረች ጥቁር ስባሪ ከሸሚዙ ወጣች።

«ክታብ ናት?» አለ በሽር።

ሰውዬው የተቃጠለችውን የሸራ ቁራጭ ሳም አድርጎ ወደ ደረቱ መለሳት።

«የመጀመሪያዋ መኪናዬ ቅሪት ናት። ለስላሳ ሸራ አስገጥሜላት ገደል ገባች፤ የተረፍነው እኔና ይቺ ብቻ ነን።»