ስም የለሹ መጽሐፍ

ወንድሜ መምህር ኦስታሽ የነገረ መለኮት ሊቅ ነው። ቤታችን ግን የመጻሕፍቱ እንጂ የእኛ አይደለም፤ አልጋዬን ሳይቀር ስለወረሱት እኔ እህቱ ፔሬት የምተኛው ማድ ቤት ነው።

በእኛ በፓሪስ ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያንን መርማሪ ስለሚፈሩ መጽሐፋቸውን ያለ ስም ያሳትማሉ። ዘንድሮ ወንድሜ እንዲህ ያለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ገዝቶ ሲያነብ ደሙ ፈላ።

«ይሄ ደደብ አህያ ስለ ጸጋ ምን ያውቃል?» እያለ የብርዱን ወራት ሙሉ መልስ ጻፈ። እሱንም ያለ ስሙ አሳተመው።

ትናንት ምሳ ላይ ሳለን አታሚው ቲቦ እየሳቀ ገባ።

«መምህር፣ ያን የሰደቡትን መጽሐፍ እኮ በወጣትነትዎ የጻፉት እርስዎ ነዎት! ያተመልዎት አባቴ ነው።»

ወንድሜ ማንኪያውን የሽንኩርት ሾርባው ውስጥ ጣለው። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ዳቦ ጎረስኩ። እፎይ፣ አሁንስ አርፎ ይቀመጣል ብዬ ነበር።

«ፔሬት፣ ቀለም አምጪ!»

«ደግሞ ማንን ልትሰድብ ነው?»

«ያንን የመሰለ ብሩህ ወጣት አህያ ያለውን የጃጀ ሽማግሌ ልክ አስገባዋለሁ!»