ለለቅሶዋ የሚሆን ፎቶግራፍ

ታላቅ እህቴ ከጉንደ ወይን ለሕክምና መጥታ ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ሰነበተች። ሐኪሞቹ እንደማትድን ሲነግሯት የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በለቅሶዋ ዕለት አልቃሾች ከፍ አድርገው የሚይዙት ፎቶግራፍ።

ልጇ ሳያማክረኝ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰዳት። ባለቤቱ ፊቷን እንደ ዱቄት አንጥቶ፣ የአንገቷን ንቅሳት እንደ እድፍ ጠርጎ፣ ከኋላዋ አይታው የማታውቀውን ፏፏቴ አቁሞ አስረከባት። እህቴ ምስሉን አየችና፣ «ይህቺን ሴትዮ የት ቀበራችኋት? ሄጄ ላልቅስላት» አለች።

ምስሉን ይዤ፣ የፊልም ካሜራዬን እንዳነገትኩ፣ ከተማውን በሸፈነው ጉም ውስጥ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ባስዋብኳት ይቆጣሉ?» አለኝ ባለቤቱ።

«አጠፋሃት እንጂ መች አስዋብካት?»

«እንግዲያው በዚያ በፊልም ካሜራዎ ያንሷት! በዚህ ጉም ሰውና አጥር ከለዩ ሱቄን እዘጋለሁ።»

በሩ ላይ «ባለሙያ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ቁልፍ መጫን ያውቃል፤ ብርሃንን ግን አያውቅም።

በማግስቱ ወደ አገሯ መመለሻዋ ነበርና ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ አልቻልንም። ግቢው በጉም ተውጦ፣ ፊቷ፣ ነጠላዋና አጥሩ ሁሉ አመድ መስለዋል። መሥሪያ ቤት ሳለሁ የመስክ ፎቶግራፎችን አነሳና አጥብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ላለው ቀን የሚበጀውን አልረሳሁም። ለፊልሙ ብርሃኑን ቀነስ አድርጌ ሰጠሁት፤ ሳጥበው ደግሞ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ፣ በዴቨሎፐሩ፣ ውስጥ አቆየሁት። ብርሃን ሲቀነስ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ እጥበቱ ሲረዝም ነጩ እየጎላ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ጉሙ የደባለቀውን መለየት ይቻላል። ይህንን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም፤ ትዕግሥት ይበቃል፤ ሰውየው ያጣውም እሱን ነው።

ያተምኩትን ምስል ጉንደ ወይን ድረስ ወሰድኩላት። አውራ ጣቷን በንቅሳቷ መስመሮች ላይ እያንሸራተተች ብዙ አየችው።

«አርጅቻለሁ» አለች፤ «ግን እኔው ነኝ።»

ከመግነዟ ጋር የልብስ ሳጥኗ ውስጥ አኖረችው።

በለቅሶዋ ዕለት ያ የፎቶ ቤቱ ሰው ቪዲዮ ሊቀርጽ ተቀጥሮ መጥቷል። ሱቁንም አልዘጋም። ፎቶግራፉን አተኩሮ አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ በየትኛው ፊልተር ነው የሠሩት?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህን ጊዜ አስለቃሿ ምስሉን ከፍ አድርጋ፣ «እትዬ ባለ ንቅሳቷ!» ብላ ስትጣራ ለቀስተኛው ሁሉ አውቋት አለቀሰ።