በእኛና በእነሱ መካከል የወጣው መንገድ

ከባሌ ከታደሰ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የባቄላ እሸት መፈልፈል ነው። ጥቅምት ነበር። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን እኔ እፈለፍላለሁ፤ እሱ እየፈለፈለ ይበላል። "ለድስቱ ምን ሊተርፍ ነው?" ብዬ ስቆጣው ይስቃል። በማግስቱ ታመመ፤ ሳምንትም አልቆየ።

አርባው ከወጣ በኋላ ከወረዳ የመጡ ሁለት ወጣቶች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን በራችን ላይ ተክለው ሲለኩ አገኘኋቸው። አንደኛዋ፣ "እማማ፣ ይሄ መንገድ እዚህ ጋ ለምን ይታጠፋል? በድሮው ፕላን ላይ ቀጥ ያለ ነው" አለችኝ።

"እንጃ ልጄ" አልኳት። አውቃለሁ። አፍሬ ነው።

በደርግ ጊዜ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆን፣ ጉለሌ ያለው ሰፊው የአባባ ግቢ ትርፍ ተብሎ ተሸነሸነ። ከጓሯችን በኪራይ ይኖሩ ለነበሩት ለእትዬ ብዙነሽም የራሳቸው ቁራሽ ቦታ ደረሳቸው። እትዬ ብዙነሽ የታደሰ እናት ናቸው፤ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ማሰሮና ድስቱን በእሳት ሲያበስሉ የኩበቱና የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጢስ እኛ ቤት ድረስ ይሸታል። እኔ ሽታውን እወደው ነበር።

ፕላኑ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈና ቅሬታ ያለው እንዲናገር ሕዝቡ ተጠራ። አባባ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ቦታዬ ተወሰደ ብዬ አልከራከርም" አሉ። "የእኔ አጥር ከዚህች ሴትዮ አጥር ጋር አይገጣጠም ነው የምለው። መንገዱ ዞሮ በመካከላችን ይለፍ።"

"ለምን?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጢሱ አይስማማኝም።"

የጢስ ነገር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ሸክላ ሠሪ ሰውን በዓይኑ ይበላል የሚለው ክፉ ወሬ በየቤቱ ይወራል፤ በስብሰባ ከተነገረ ግን አድኃሪ ያሰኛል። ስለዚህ ጢስ ተባለ።

እትዬ ብዙነሽ ከኋላ ተነሡ። ድሮ አባባን "ጌታዬ" ነበር የሚሏቸው። "አቶ መኮንን፣" አሉ፣ "ስንት ዘመን በእኔ ድስት ወጥ ሲበሉ ጢስ ጢስ አላለዎትም?"

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አባባ ግን ፍንክች አላሉም። ሊቀመንበሩ መንገዱ ከዞረ ከማን ቦታ እንደሚቆረስ ጠየቀ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ከእኔ ይሁን" አሉ እትዬ ብዙነሽ። "በእኔ ሰበብ እንቅልፍ አይጡ።"

የሚሰጡት ቦታ ሸክላቸውን የሚያበስሉበት ነበር፤ እንጀራቸው። ይህን እያወቅሁ ጫማዬን አቀርቅሬ ሳይ ስብሰባው አለቀ።

ሲለካ ሁለቱ ጎረቤቶች በየወሰናቸው ቆመው ሜትሩን ጫፍና ጫፍ ይዘው ነው፤ ኋላ "አላየሁም" እንዳይባል። አባባ አልወጣም ብለው እኔን ላኩኝ። በእናቱ በኩል የቆመው ታደሰ ነበር። በአንድ ግቢ አድገን ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ለኪው ወረቀቱን ሲያይ፣ የሜትሩን ጫፍ ከችካላችን ወደ ግቢያችን አንድ ክንድ ያህል ሳብ አደረግሁት፤ መንገዱ ትንሽ እንኳ ከእኛ እንዲቆርስ።

"ችካሉ ላይ መልሺው" አለኝ ታደሰ ቀስ ብሎ።

"ማንም አላየም።"

"እኔ አይቻለሁ። እናቴ በሰው ፊት የሰጠችውን አንቺ በስርቆት ልትመልሺላት? መመለስ ከሆነ አባትሽ ይምጡና በሰው ፊት ይመልሱ።"

መለስኩት። በእነሱ በኩል አዲሱ ችካል በድንጋይ እየተመታ ገባ። ቤት ስገባ አባባ "አለቀ?" አሉኝ። "አለቀ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብዙነሽ ሸክላቸውን አዝለው ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ተራራ ሥር እየወጡ ነበር የሚያበስሉት። ጭቃ በሆነ ቀን ስንቱ ማሰሮ ተሰበረ። ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ ታደሰን አገባሁ። እንዴት እንደ መረጠኝ ዛሬም ይገርመኛል። አባባ መንገዱን ተሻግረው ሠርጌ ላይ አልተገኙም። ሲሞቱ ግን የተረፈን ግቢ ለድንኳን ጠበበና ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ፤ ሸክላ ይበስልበት በነበረው ላይ። አማቴ የለቀስተኛውን ንፍሮ በገዛ ድስታቸው ቀቅለው አቀረቡ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

ታደሰም አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ሜትር ይዘን የቆምንበትን ያን ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ደግነት ነው እያልኩ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ላንሣው ብል የሚሰማኝ የለም።

ብቻዬን ነው የምኖረው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለታደሰና ለአማቴ ጧፍ አበራለሁ። ለአባባም እገዛለሁ፤ እስካሁን ግን አላበራሁትም።