ስሟን የማታውቅ ልጅ

ሎርና ናፓልጃሪ እምቢ ካለች እምቢ ናት። በበረሃው ሰፈራችን ይህን የማያውቅ የለም፤ አዲሷ መምህርት ግን ገና አላወቀችም ነበር።

በቅርቡ የሎርና ታናሽ እህት ሞተች። በእኛ ዘንድ የሟች ስም ሐዘኑ እስኪወጣ አይጠራም፤ ስሙን የሚጋራ ሁሉ «ኩማንጃይ» ይባላል። እኔም እዚህ አልጽፈውም፣ የፈለገ ይቀየም። የሎርና የልጅ ልጅ የወጣላት በሟቿ ስም ስለነበር እሷም ኩማንጃይ ሆነች።

በዚያው ሰሞን ልጆች ለትምህርት መድረስ አለመድረሳቸው ይለካ ጀመር። በየመንደሩና በየከተማው ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው። ትንሿ ገና አምስት ዓመቷ ሲሆን፣ መኪና ከሩቅ ስትሰማ የማን እንደሆነ ትናገራለች። ይህን የጠየቃት የለም።

«ልጅቷ ለዘንድሮ አልደረሰችም» አለች መምህርቷ ሎርናን አስጠርታ። «የአክስቶቿ ልጆች ይግቡ፣ እሷ ትቆይ።»

«ምን አጥፍታ?»

«ስሟን አታውቅም። ሞክሼዬ ናት ብዬ እኮ ቀላሉን ነበር ያስቀደምኩላት! እሷ ግን እናንተ ለእኔ ያወጣችሁልኝን የቁልምጫ ስም ነገረችኝ።»

የሎርና ደም ፈላ። የልጆቹን ትንሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እስቲ እኔን ለኪኝ። የልጅቷን ስም ጠይቂኝ።»

መምህርቷ ግራ ገብቷት ጠየቀቻት።

«ኩማንጃይ» አለች ሎርና።

«ኧረ እባክዎ…»

«ወደቅኩ? እንግዲያው ሰፈሩ በሙሉ ወድቋል፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር። ሁላችንንም እቤት አስቀሪን! ለመሆኑ አንቺን ኩማንጃይ ማለት የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

መምህርቷ አሰብ አደረገች። «ከቀብሩ… ከቀብሩ ወዲህ።»

«ታዲያ ማቆላመጣችን መሰለሽ? ስምሽ የእህቴም ስም ነበር። ልጅቷ እያወቀችው ነው የዋጠችው፣ አያቷን አክብራ። አምስት ዓመቷ ነው! ነገ ጠዋት ከእህቶቿ ጋር፣ አንቺ የአክስት ልጆች ከምትያቸው ጋር፣ ይዣት እመጣለሁ። በሩን ብትዘጊው እበሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ እኔ እንደሆነ ሥራ የለኝም።»

መምህርቷ ፊቷ ቀላ። ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። ትንሿ አሸዋው ላይ በጣቷ ትስል ነበርና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ስምሽ ማን ነው?»

ልጅቷ ቀና እንኳ አላለችም። «ነገርኩሽ እኮ። ኩማንጃይ።»

«ልክ ነሽ። ነገ ከእህቶችሽ ጋር ትገቢያለሽ።»

«አንቺስ ማን ነሽ?»

መምህርቷ ደረቷ ላይ የነበረውን የስም ካርድ ፈታ ኪሷ ከተተችው።

«እኔም ኩማንጃይ» አለች።