የእናት ቤት ትሪ

የጥንት ዕቃ ነጋዴዋ ከባሕር ማዶ የግዢ ጉዞዋ ስትመለስ ፎቅ ላይ ወዳለው መኖሪያዋ አልወጣችም፤ ሻንጣዋን እየጎተተች ምድር ቤት ወዳለው ሱቋ ገባች። በአውሮፕላን ሙሉውን መንገድ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ያመጣችው የጠረጴዛ ሰዓት በጨርቅ እንደተጠቀለለ እጇ ላይ ነበር። «ይህን ደግሞ ከየት ፈልፍለሽ አገኘሽው?» የሚላት ሰው አምሯት ነበር።

የጠየቃት የለም። ስትሄድ «ደህና ከያዝሽልኝ፣ ስመለስ ሱቁን እኩል የሁለታችን እናደርገዋለን» ብላ ቃል የገባችላት ታናሽ እህቷ ወንበሮቹን ከግድግዳ አላቃ ሰው የሚቀመጥባቸው አድርጋለች። በአንደኛው የቆዩ ደንበኛቸው፣ ጡረተኛው መሐንዲስ፣ ሻይ እየጠጡ ይስቃሉ።

«እትዬ፣ መጣሽልኝ» ብላ ታናሿ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እንኳን ደህና ገቡ» አሉ መሐንዲሱ። «እኛማ መሄድዎንም ረስተነው ነበር። ይቺ ልጅ ለእነዚህ ሬሳዎች ነፍስ ዘራችባቸው።»

ቀልድ ነበር። ነጋዴዋ የሰማችው ግን «ረስተነው» የሚለውን ብቻ ነው። ሱቁን ከባዶ ያቆመችው እሷ መሆኗ፣ ለዚህም ጉልምስናዋን መክፈሏ አይካድም። ቀጥሎ ለፈጸመችው ግን ማስተባበያ አይሆናትም።

ጥፋት መፈለግ ያዘች። እንጨት ነቀዝ ገብቶት እንደሆነ በምትመረምርበት ዓይን መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አየች። የተሰበረ የለም፤ አቧራ የለም፤ ይህም አንጀቷን አሳረረው። በመጨረሻ ከመሐንዲሱ ብርጭቆ ሥር የሚያብለጨልጭ የነሐስ ትሪ ዓይኗ ገባ። በዚህ ሙያ ደግሞ አሮጌ ነሐስን መወልወል ዕድሜውን ገፍፎ መጣል ነው።

«ማነው የወለወለው?»

«እኔ ነኝ።»

«የስንት ትውልድ ወዝ በአንድ ጨርቅ ጠረግሽው። ደንበኛ ማሳቅ ቀላል ነው፤ ዕቃ ማወቅ ግን የጥርስ ሥራ አይደለም።»

ታናሿ ብርጭቆውን አነሳች። «እትዬ፣ ገልብጪው።»

«እኔን ልታስተምሪኝ?»

«አንቺው ያስተማርሽኝን። ዕቃ ሳትገለብጪ አፍሽን አትክፈቺ ብለሽኝ የለ?»

ነጋዴዋ ገለበጠችው። የትሪው ጀርባ ሰርጉዷል፤ በልጅነቷ ከበሮ ነው ብላ በመዶሻ የደቃችው እሷው ራሷ ነበረች። እናታቸው በአመድና በሎሚ እያሸች ስታበራው የኖረች የቤታቸው ትሪ ነው።

«ለእንግዳ ብዬ ከፎቅ አውርጄው ነው» አለች ታናሿ፣ ሳቋን እየዋጠች። «እማዬ ብታይሽ ምን ትል ነበር?»

አብራ ብትስቅ ነገሩ እዚያው ባለቀ። መሐንዲሱም ለመሳቅ ተዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን መሳሳቷን ከማመን መበደልን መረጠች፤ እያወቀች መረጠች።

«ሱቅ የገባ ሁሉ የሱቅ ዕቃ ነው» አለች። ከመሳቢያው የዋጋ ወረቀት አውጥታ ትሪው ላይ ለጠፈች። «አንቺም ከነገ ጀምሮ ለመምጣት አትልፊ።»

ታናሿ የሱቁን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ በተገለበጠው ትሪ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

መሐንዲሱ ቆባቸውን አንስተው ቆሙ። «ትሪው ስንት ነው?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ለትንሿ እህትዎ ልወስድላት።»

«አይሸጥም» አለች ነጋዴዋ፣ አሁን የለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሯ እየፋቀች።

እሳቸውም ሄዱ። ሰዓቱ ገና ከጨርቁ አልተፈታም።