ስለ ፊልሙ ነበር የምናወራው

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ መዋሸቴን፣ ወንድሜን መቀየሜን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። ተንበርክኬ አፌ ላይ ሲደርስ ወደ ሌላ ኃጢአት እሸሽ ነበር። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ስለዚህ ድፍረት አይባልልኝም።

ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ሞባይል የምጠግንባትና በፍላሽ ፊልም የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም የምንወድ ሰዎች ጓዳዋ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር፤ ጌታሁን ነርሱ፣ ሙላት የቱሪስት አስጎብኚው፣ መምህርት የሺሐረግ፣ አብራት የምታስተምረው ዘነቡም። አይተን ስንጨርስ ቴሌቪዥኑን እናጠፋና በየተራ አስተያየት እንሰጣለን። የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ፊልሙን የማመጣው እኔ ስለሆንኩ ፍርዱም የእኔ መስሎኝ ነበር።

የሺሐረግ ከሁላችን ዘግይታ ነው የመጣች። ዝምተኛ ናት። ስትናገር ግን እኛ ያላየነውን አይታ ነው። እኛ ስለ ተዋናዩ ስንጯጯህ፣ እሷ ቀስ ብላ፣ “ሰውዬው ሲዋሽ ለምን ጀርባውን አሳዩን? ፊቱን ብናይ እኮ እናዝንለት ነበር” ትላለች። ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል። እኔም እዞራለሁ፤ ውስጤ ግን ይቆጣል። ቅናት ነበር? አዎ፣ ቅናት ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ።

አንድ እሑድ መብራት ጠፍቶ ፊልሙ መሀል ላይ ተቋረጠ። ሌሎቹ ሄዱ፤ እሷን ዝናብ ያዛትና ከእኔ ጋር ቀረች። “አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እዚሁ ይቅር” አለችኝ።

ገና በልጅነቷ፣ በየዳ በሚባል ወረዳ ድረዋት ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ጡት እንደጣለች ለአማቷ ትታ፣ ትምህርት ፍለጋ ወደ ዳባት ጠፋች። ልጅቱ አያቷን እናቴ እያለች አደገች። አሁን አማቷ እርጅና ተጭኗቸው፣ ልጅቱ ደባርቅ መጥታ “አክስቷ” ዘንድ እንድትማር ተስማምተዋል። አክስት የተባለችው የሺሐረግ ናት።

“ከመጣችና ትንሽ ከለመደችኝ በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ” አለችኝ። “የምፈራው ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ነው።”

ማልኩላት። የተጠመቅሁባትን ደረስጌ ማርያምን ጠርቼ ማልኩላት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ያየነው ፊልም ልጇን ለዘመድ ትታ ስለተሰደደች ሴት ነበር። ሲያልቅ እንደልማዴ ፈረድኩ። “ታሪኩ አያሳምንም። እናት እንዲህ አታደርግም” አልኩ።

“ታደርጋለች” አለች የሺሐረግ። “የፊልሙ ጥፋት ሌላ ነው። ስትሄድ አስለቀሷት። እንዲያ ባለ ቀን እንባ አይመጣም። ሰው በሩን መዝጋቱን፣ እሳቱን ማዳፈኑን ነው የሚያስብ።”

“እውነቷን ነው!” አለ ሙላት። ጌታሁንም ራሱን ነቀነቀ። በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ፊልሜ ተሸነፍኩ። ምን ነበር ዝም ብል? ምን ይጎድልብኝ ነበር?

“አንቺማ ለእሷ ካልመሰከርሽ ማን ይመስክርላት! የራስሽን ልጅ በየዳ ጥለሽ መጥተሽ የለ?” አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። አልጠጣሁም። ቃሉም አላመለጠኝም። መርጬ፣ የት እንደሚያርፍ አውቄ ነው የተናገርኩት። እንዲያውም ተናግሬ እንደጨረስኩ ለአፍታ ደስ ብሎኛል። ለንስሐ አባቴ መናገር ያቃተኝ ከቃሉ ይልቅ ይህ ደስታ ነው።

የሺሐረግ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ዘነቡ መሬት መሬቱን ታያለች። ቃሉን ማንም አልረሳውም።

ወሬው ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ተማሪዎች በጀርባዋ መንሾካሾክ ጀመሩ። ከዚያ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ በየዳ ገባ። አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ስቀመጥ የሺሐረግ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

“ልጅቱ አልመጣም አለች” አለችኝ። “ገበያ ላይ ሰው ነግሯት። ‘ጥላኝ የሄደችው እሷ ከሆነች ዓይኗን አላይም’ ብላለች አሉ።”

እግሯ ላይ መውደቅ ይገባኝ ነበር። “እኔ እኮ… ስለ ፊልሙ ነበር የምናወራው” አልኩ።

አየችኝ። ከዚያ ወጣች። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቃ ወደ ዳባት ሄደች። ለነጌታሁን “ቀድማ የነካችኝ እሷ ናት” አልኳቸው። እሑዳችንም ቀጠለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፊልም አይተን አስተያየት ሰጠን። እኔም ሰጠሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው መስከረም አንዲት ወጣት ሱቄ ደጃፍ ቆመች።

“ጋሼ፣ መምህርት የሺሐረግ እዚህ ፊልም ታይ ነበር አሉኝ። አሁን የት እንዳለች ያውቃሉ?”

“ከየት ነሽ?” አልኳት።

“ከበየዳ ነው የመጣሁ።”

ሌላ አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋት። ዳባት ሩቅ አይደለችም፤ ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱባት አገር ናት። የሺሐረግ የምታስተምርበትንም ትምህርት ቤት አውቀዋለሁ።

“አላውቅም” አልኳት።

ለምን? እናትና ልጅ ቢገናኙ መጀመሪያ የሚነሳው የእኔ ስም ስለሆነ። ለዚህ ብቻ። ልጅቱም “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ሄደች። አመሰገነችኝ።

በመጀመሪያው ጥፋቴ ቅናት ነበረብኝ። በሁለተኛው ምን ነበረብኝ? ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስጠይቅ ሰነበትኩ። በሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከቅዳሴው አንድ ቃል ጆሮዬ አልገባም። በማግስቱ ዳባት ወረድኩ።

የሺሐረግን ከክፍል ስትወጣ አገኘኋት። ጸጉሯ ሸብቷል። በመንገድ ላይ የይቅርታ ንግግር አሰናድቼ ነበር፤ ስለ ራሴ ረጅም ንግግር። ከልጅቱ ጀመርኩና ወደ ራሴ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

“መጥታ ነበር?”

“መጥታ ነበር።”

“ብቻዋን?”

“ብቻዋን።”

“ምን ትመስላለች? ቁመቷስ? እኔን ታክላለች?”

ልጅቱ ፊቴ ቆማ ሳለ እኔ ሳይ የነበረው፣ ሰው ይሰማናል ብዬ፣ ከኋላዋ ያለውን መንገድ ነበር።

“አላየኋትም” አልኳት።

የሺሐረግ አልሰደበችኝም። እጇ ላይ የነበረውን ጠመኔ አጠገቧ ላለችው ተማሪ ሰጥታ ወደ መናኸሪያው በሩጫ ሄደች። የደባርቅ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ከሩቅ አየኋት።

አገኘቻት። ልጅቱ ለትምህርት ደባርቅ ተመዝግባ ኖሮ፣ የሺሐረግ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየጠየቀች ነው ያገኘቻት። ፈልጋት የመጣችው ራሷ ብትሆንም፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጅቱ አላናገረቻትም አሉ። አሁን ዳባት አብረው ይኖራሉ፤ ይጣላሉም፣ ይታረቃሉም አሉ።

ይህን ስትሰሙ ቀለል አላችሁ? እኔንም ቀለል ሊለኝ ሲል ያዝኩት። የተገናኙት በእኔ አይደለም፤ እኔ መሀላቸው ቆሜ ሳለ ነው። ልጅቱ በልጅነቷ ደባርቅ ከእናቷ ጋር ልታድግባቸው የነበሩትን ዓመታት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ክርክር ብዬ፣ ለአንድ እሑድ ከሰዓት ብዬ።

ያን የይቅርታ ንግግር እስከ ዛሬ ለየሺሐረግ አልነገርኳትም። ብጠይቃት ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ፣ እንዲያ ያለች ሰው ናት። የማልጠይቃትም ለዚሁ ነው።