ለአዋላጅነት የተማረችው ባለቤቴ

አሰብ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ሳለሁ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ በራሴ ጥረት ተማርሁ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አልነበረም። ባለቤቴ አስመራ አዋላጅነት ስትማር፣ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መጽሐፏን የማስረዳት እኔ ነበርሁ። ከእሷ ቀድሜ ጨርሼ በቃሌ እወጣው ነበር። ዲፕሎማውን የምትቀበለው ግን እሷ መሆኗ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ የዕረፍት ሰሞን ምጥ የጠናባት የአፋር ሴት በአቅራቢያችን ካለችው ከበይሉል መንደር መጣች። እጄን ታጥቤ ቀድሜ ደረስሁ። እናቷ ግን በሩ ላይ ቆማ ወንድ አይገባም አለች። ባለቤቴ ገብታ መረመረቻትና ብቅ አለች።

“ሕፃኑ በእግሩ እየመጣ ነው” አለችኝ።

“ይህን ምዕራፍ ያስረዳሁሽ እኔ ነኝ። እኔ ልግባ።”

“አውቃለሁ። አሁን የፈላ ውሃ አምጣልኝ” ብላ በሩን ዘጋችው።

ውሃውን ለእናትየው አቀብዬ ከወላዷ ባል ጋር ውጭ ቆምሁ፤ መጽሐፉን በሹክሹክታ እየደገምሁ። በመጨረሻ ሕፃኑ አለቀሰ። ሰውዬው እጄን ጨብጦ፣ “አንተ የሐኪሟ ተላላኪ ነህ?” አለኝ።

“አስተማሪዋ ነኝ።”

“ታዲያ ለምን ውጭ ቆምህ?”

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ላብ በላብ ሆና ወጣች። ሰውዬው እጄን ለቅቆ ወደ እሷ ሄደ።